የሚኒሶታ ስፕሪንግና ሰመር፦ በዓላትና ከቤተሰብ ጋር መዋያዎች፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሚኒሶታ ብርዱ ረጅም፣ ሙቀቱ አጭር ነው። ኤፕሪል ላይ በረዶ ሊጥል ይችላል፤ ሴፕቴምበር ሲገባ ልጆች ትምህርት ቤት ተመልሰዋል። በመሀል ያለችውን ጊዜ አገሬው አንድም ቅዳሜ አያባክናትም። የእኛ ሰው ግን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ፣ ከዚያ ሠርግና ልደት ሲል ሰመሩ ሳያውቀው ያልቅበታል። መሄድ የሚፈልገውም ቢሆን ከስቴት ፌር፣ ከስቴቱ ትልቁ ዓመታዊ የግብርና ትርኢት፣ ውጭ የሚያውቀው ቦታ ብዙ አይደለም። ስቴት ፌርን አንንቅም፤ ከታች ሰፊ ቦታ ሰጥተነዋል። ግን ትንንሾቹ ከተሞች የሚያዘጋጁት ይበልጥ ርካሽ ነው፤ ለልጅም ይበልጥ ይመቻል ብለን እናምናለን።

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቀንና ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት የአዘጋጁን ድረ ገጽ እዩ።

ወቅቱ በእውነት የሚጀምረው መቼ ነው?

ካላንደሩ ማርች ይላል፤ ሰማዩ ግን ሜይ። ለኤፕሪል የሚሻለው ጣሪያ ያለው ነገር ነው። አፕል ቫሊ ያለው የሚኒሶታ ዙ በዚያ ወር አዲስ የተወለዱ ግልገሎች፣ ጥጆችና ጫጩቶች ያሳያል፤ ይሄ ይከፈልበታል። የሚኒያፖሊስ የሥነ ጥበብ ተቋም፣ ሁሉም ሰው «ሚያ» የሚለው፣ በኤፕሪል ማለቂያ ወይም በሜይ መጀመሪያ ላይ የአበባ ባለሙያዎች ከየሥዕሉና ከየሐውልቱ ጎን በአበባ የሠሩትን የሚያቆሙበት ዝግጅት አለው። ሚያ መግቢያው ዓመቱን ሙሉ ነጻ ነው፤ ውጭ ዝናብ ሲጥል ልጅ ይዞ ለመግባት ከሱ የተሻለ ቦታ ከተማው ውስጥ አናውቅም።

ሜይ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ግን በየሳምንቱ መጨረሻ የትኛውን ትቶ የትኛው ጋ እንደሚሄድ መምረጥ ይቸግራል።

ገንዘብ ሳናወጣ ልጆቹን የት እናውላቸው?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ መልሱም ከምትገምቱት በላይ ሰፊ ነው።

ሴንት ፖል ያለው ኮሞ ዙ በር ላይ መዋጮ ይጠይቃል እንጂ ትኬት አይቆርጥም። ያላችሁን ትጥላላችሁ፤ ባይኖራችሁም ትገባላችሁ። የሚኒያፖሊስ ፓርኮች ሰመሩን ሙሉ ነጻ የሙዚቃ ዝግጅትና የውጭ ሲኒማ አላቸው፤ በተለይ ሌክ ሃሪየት ዳር ያለው መድረክ ማታ ማታ በሙዚቃ ይደምቃል። ስለ ሲኒማው አንድ ነገር እወቁ፦ ጁን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ፊልሙ የሚጀምረው ጨለማ ሲይዝ ስለሆነ ትንንሾቹ መሀሉ ላይ ይተኛሉ። ብርድ ልብስ ያዙ።

በሜይ ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አርት ኤ ዊርል አለ። ከ1996 ጀምሮ የነበረ ነው። የሠፈሩ ሠዓሊዎችና የእጅ ባለሙያዎች የሥራ ክፍላቸውን በር ከፍተው ሕዝብ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩት በድሮ ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ ነው። መስታወት በእሳት ሲነፋ፣ ሸክላ በመንኮራኩር ላይ ሲነሳ ልጆች በቅርብ ያያሉ። መግዛት ግዴታ አይደለም፤ ማንም ፊቱን አያጠቁርባችሁም። መኪና ማቆሚያ ግን ስለማይገኝ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና በእግር ግቡ።

የስቴት ፓርኮች በመደበኛው ቀን ለአንድ መኪና 7 ዶላር ያስከፍላሉ። በዓመት አራት ቀን ግን ነጻ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጁን ላይ ይውላል። ኢቢቲ (የምግብ ድጋፍ ካርድ) ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የገበሬ ገበያ ሂዱ፦ በብዙዎቹ ገበያዎች በካርዱ ስታወጡ ተመጣጣኝ ተጨማሪ ኩፖን ይሰጣሉ። መረጃ መስጫውን ጠረጴዛ መጀመሪያ ፈልጉ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል።

ዓሣ ማጥመድ እንፈልጋለን። ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለአዋቂ አዎ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሚኒሶታ ነዋሪ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። በሜይ የእናቶች ቀን ቅዳሜና እሑድ የሚኒሶታ እናቶች ያለ ፈቃድ ያጠምዳሉ፤ በጁን ደግሞ ልጅ ይዞ የመጣ አዋቂ በነጻ የሚያጠምድበት የሳምንት መጨረሻ አለ።

ዎልአይ የተባለውን ዓሣ የማጥመድ ወቅት የሚከፈተው በሜይ ነው፤ ከሜሞሪያል ዴይ ሰሞን ቅዳሜ ሁለት ሳምንት በፊት ባለው ቅዳሜ። ለአገሬው ያ ቀን እንደ ዓመት በዓል ነው፤ ገዥው ራሱ ጀልባ ላይ ወጥቶ ያጠምዳል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ይዘጋጋል፤ ጉዞ ካላችሁ በጠዋት ውጡ።

የያዛችሁትን ለመብላት ካሰባችሁ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ ለየሐይቁ ያወጣውን ምክር እዩ። አንዳንዱ ትልልቅ ዓሣ ሜርኩሪ አለበት።

ጾም ላይ ከሆንን የምግብ በዓላት ላይ መሄድ ምን ይፈይዳል?

ካላንደሩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታዩት ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የሜይ ዝግጅቶች ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ይመቻሉ። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ጁላይ 12 ይፈታል፤ ስለዚህ ጁላይ 4 ሁልጊዜ ጾም ላይ ይውላል። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል፤ ኦገስት 22 ይፈታል። ይሄ ደግሞ የካውንቲ ፌር፣ የየአካባቢው የግብርና ትርኢት፣ ዋና ሰሞን ነው። ስቴት ፌር አብዛኛውን ጊዜ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ይከፈታል፤ የአሥራ ሁለት ቀን ነገር ስለሆነ ረቡዕና ዓርብን መዝለል ቀላል ነው።

በጾም ቀን የሄደ ሰውም አይራብም። የተጠበሰ በቆሎ የሌለበት ፌር የለም፤ ብቻ በቅቤ ነክረው ነው የሚሰጡት፣ «ቅቤው ይቅርብኝ» በሉ። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር (ፒክል)፣ ሐብሐብ፣ የሎሚ ጭማቂ አለ። የድንች ጥብስ ስታዩ አትቸኩሉ፤ ዘይቱ አይብና ሥጋ የተጠበሰበት ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ዱላ ላይ ተሰክተው የሚሸጡት ቋሊማዎች የአሳማ ሥጋ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ይሄ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚመለከት ነው። ሻጮቹ ስለ ምግብ መጠየቅ ለምደውታል፤ አያፍሩባችሁም፣ እናንተም አትፈሩ።

ሯጮቻችንን የምናይበት ቦታ አለ?

አለ፤ ዱሉዝ። ጁን ላይ የሚደረገው ግራንድማስ ማራቶን ከ1977 ጀምሮ ይሮጣል። መነሻው ቱ ሃርበርስ አጠገብ ነው፤ መንገዱ የሌክ ሱፒሪየርን ዳር ይዞ ይመጣና ካናል ፓርክ ያበቃል። ከኬንያና ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሯጮች ከፊት ይታዩበታል፤ ባንዲራ ይዞ መንገድ ዳር የሚቆም ሐበሻም አይጠፋም። ለትንንሽ ልጆችም አጭር ሩጫ ያዘጋጃሉ።

በዚያ ሰሞን የዱሉዝ ሆቴል ዋጋው ይሰቀላል። ከሚኒያፖሊስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ ሌሊት ተነስቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ጃኬት ያዙ፤ ጁን ቢሆንም ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ቀልድ አያውቅም።

ጁላይ 4 ላይ ምን እናድርግ?

ብዙ የእኛ ቤተሰብ በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ የለም። በ1984 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድሩን በየዓመቱ በተለያየ ከተማ በጁላይ መጀመሪያ ስለሚያደርግ፣ ዘመድ ጥየቃውም ኳሱም አንድ ላይ ይሆናል። ሚኒሶታ የቀራችሁ ደግሞ ርችቱን ታያላችሁ፤ እሱም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት እምብዛም አይጀምርም።

በግቢያችሁ ርችት መተኮስ የምትፈልጉ አንድ ነገር እወቁ፦ በሚኒሶታ ሕግ የሚፈነዳና ወደ ሰማይ የሚወጣ ርችት ለግለሰብ ክልክል ነው። መሬት ላይ የሚንቦገቦገውና በእጅ የሚያዘው ይፈቀዳል፤ ለመግዛትም 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ጎረቤት ከዊስኮንሲን አምጥቶ ቢተኩስ ለእናንተ ፈቃድ አይሆንም።

ሌላም አለ። ጦርነት ካየ አካባቢ በቅርቡ የመጣ ዘመድ ቤታችሁ ካለ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳይነገረው ማታ ድንገት የተኩስ የሚመስል ድምፅ ከአራቱም አቅጣጫ ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው ጥቂት አይደለም። በዚያች ምሽት ከከተማ ወጣ ብሎ ማደርም ነውር የለበትም።

የሌሎች ማኅበረሰቦች በዓል ላይ ብንሄድ ያስከፋል?

እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ሚኒሶታን ከጎረቤት ስቴቶች የሚለያት አንዱ ነገር ይሄ ነው።

በጁላይ 4 ሰሞን ሴንት ፖል ኮሞ ፓርክ አካባቢ ያለው ሜዳ ከላኦስ የመጣው የኅሞንግ ሕዝብ ነው። ከሩቅ ስቴት ሁሉ ይመጣሉ። ኳስ፣ ቮሊቦል፣ እንዲሁም የራታን ኳስ በእግር መረብ እያሻገሩ የሚጫወቱት ሴፓክ ታክሮ አለ፤ የጨዋታውን ዝላይ ያየ ልጅ እቤት ገብቶ ሳይሞክረው አያድርም። ያልበሰለ ፓፓያ በሙቀጫ ወቅተው የሚሠሩት ሰላጣ በቃሪያ ለለመደ አፍ ነው የተሠራው።

ሶማሌዎች የነጻነት ቀናቸውን፣ ጁላይ 1ን፣ ሌክ ስትሪት ላይ መንገድ ዘግተው ያከብራሉ። ኦሮሞዎችም ሰመር ላይ የስፖርትና የባህል ሳምንት አላቸው፤ ኢሬቻ ደግሞ ሰመሩ ካለፈ በኋላ ሐይቅ ዳር ይከበራል።

ሮንዶ ዴይስን ግን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ሮንዶ የሴንት ፖል ጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ነበር፤ ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ክበቡ የራሱ የሆነ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አይ 94 አውራ ጎዳና መሀሉን ቀዶት አለፈ፤ ቤቶች ፈረሱ፣ ሰው ተበተነ። በየቀኑ ወደ ሥራ ስንነዳበት የምንውለው መንገድ ያ ነው። የሠፈሩ ልጆች ከ1983 ጀምሮ በጁላይ ሮንዶ ዴይስን ያከብራሉ፤ ሰልፍ አለ፣ ከበሮ እየመቱ እግራቸውን አንድ ላይ የሚያነሱ የወጣት ቡድኖች አሉ። እዚህ አገር ለሚያድጉ ልጆቻችን ከመጽሐፍ ይልቅ ይሄ ይገባቸዋል።

ከከተማ ወጣ ካላችሁ ስፕሪንግ ግሮቭ የምትባል ትንሽ ከተማ በሜይ 17 ሰሞን የኖርዌይን ሕገ መንግሥት ቀን ታከብራለች፤ ሞንትጎመሪ ደግሞ ከ1929 ጀምሮ ኮላቺ የተባለውን የቼኮች ጣፋጭ ዳቦ በጁላይ ትደግስለታለች። ወርዚንግተንም በጁላይ ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል አላት፤ የሥጋ ፋብሪካው ከብዙ አገር ሠራተኛ ሰብስቦባታል፣ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎችም አሉበት።

የኤሊ ውድድር አለ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

እውነት ነው። ኒስዋና ሎንግቪል በሚባሉ የሰሜን ከተሞች ሰመር ላይ በየረቡዑ ይደረጋል። አስፋልቱ ላይ ትልቅ ክብ ይሣላል፤ ልጆች ኤሊዎቻቸውን መሀል ላይ ያኖራሉ፤ መጀመሪያ ከክቡ የወጣው ያሸንፋል። ኤሊ ከሌላችሁ በጥቂት ዶላር ይከራያል። አንዳንዱ ኤሊ አንገቱን አስገብቶ ንቅንቅ አይልም፤ ባለቤቱ ደግሞ አጎንብሶ ይለምነዋል። ቦታው ከሚኒያፖሊስ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚያስነዳ ለዚህ ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፤ ብሬነርድ አካባቢ ካደራችሁ ግን እንዳያመልጣችሁ።

ካውንቲ ፌር ምንድን ነው? ስቴት ፌር ካየን ይበቃን የለም?

አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሚኒሶታ 87 ካውንቲ አላት፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል የራሱ ፌር አለው፤ አብዛኛው በጁላይና በኦገስት ነው። መግቢያው ርካሽ ነው። ኦዋቶና ላይ በኦገስት የሚደረገው የስቲል ካውንቲ ፌር ጭራሽ ነጻ ነው፤ በአይ 35 ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

እዚያ የሚያስደስተው ከብት በረቱ ነው። ፎር ኤች በተባለው የወጣቶች ማኅበር ያሉ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ያሳደጉትን ጥጃ፣ በግ ወይም ጥንቸል ይዘው ይመጣሉ። የአሥር ዓመት ልጅ ከራሷ በብዙ እጥፍ የምትከብድ ጊደር በውሃና በሳሙና አጥባ፣ ጭራዋን አበጥራ፣ በገመድ እየመራች ዳኛው ፊት ታዞራታለች። ዳኛው ይጠይቃታል፦ ምን ትመግቢያታለሽ? መቼ ተወለደች? ልጅቷ ሳትፈራ ትመልሳለች። ከዳር ሆናችሁ ልጆቻችሁ መጠየቅ ቢፈልጉ ማንም አይከለክላቸውም፤ ከበረቱ ጎን በተጣጣፊ ወንበር የተቀመጡት ወላጆችም ወሬ ይወዳሉ። ስቴት ፌር ላይ ይሄ ሁሉ አለ፤ ግን ሕዝቡ ስለሚበዛ ቆሞ ለማውራት ፋታ የለም።

ማታ ላይ ያረጁ መኪናዎች እየተጋጩ የመጨረሻው የሚንቀሳቀሰው የሚያሸንፍበት ዲሞሊሽን ደርቢ አለ። ልጆች ይወዱታል። ጩኸቱ ከባድ ስለሆነ የጆሮ መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ አደጋ የደረሰበት ሰው አብሯችሁ ካለ ግን ይቅርባችሁ።

ስቴት ፌር ስንት ቀን ነው? ስንት ያስወጣል?

አሥራ ሁለት ቀን፤ ሁልጊዜ የሚያበቃው በሌበር ዴይ ሰኞ ነው። ቦታው ፋልከን ሃይትስ ነው፣ ሴንት ፖል አጠገብ፤ 322 ኤከር ላይ። ከ1859 ጀምሮ በተለይ በጦርነት፣ በፖሊዮ ወረርሽኝ፣ በመጨረሻም በ2020 በኮቪድ ምክንያት ከቀረባቸው ጥቂት ዓመታት በስተቀር ሳይቋረጥ መጥቷል። በ2019 ከሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1901 «በለሆሳስ ተናገር፣ ትልቅ ዱላም ያዝ» የሚለውን ንግግሩን ያደረገው እዚሁ ነው፤ ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ ፕሬዚዳንቱ በጥይት ተመተው ሞቱና ቦታውን ያዘ።

የአዋቂ መግቢያ 20 ዶላር ገደማ ደርሷል፤ አራት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በነጻ ይገባሉ። አስቀድሞ የተገዛ ትኬት ይቀንሳል፤ ለሽማግሌዎች፣ ለልጆች፣ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ለያዙ እየተባለ ቅናሽ የሚደረግባቸው ቀናትም አሉ። መኪና ወደ ግቢው ይዞ መሄድ ድካም ነው። ራቅ ካሉ ነጻ ማቆሚያዎች አውቶቡስ ያመላልሳል፤ እሱም ነጻ ነው።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ትኬቱ ሳይሆን ውስጥ ያለው ነው። አራት ልጅ አንድ አንድ ነገር ቢል፣ ከዚያ መጫወቻዎቹ ላይ ቢወጣ፣ ሒሳቡን እናንተው አስሉት። ሁለት ምክር፦ አንደኛ፣ ምግብና ለስላሳ መጠጥ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ዳቦ ቆሎ፣ ሳንድዊች፣ ውሃ ያዙ፤ ጠርሙስ አይሁን። ሁለተኛ፣ አንድ አንድ ገዝታችሁ ለሁሉም አካፍሉ። እኛ ከአንድ ትሪ መብላት እናውቅበታለን፤ የስዊት ማርታስ ኩኪ ባልዲ ሞልቶ እየፈሰሰ ስለሚሰጥ ለአንድ ቤተሰብ ይተርፋል። ከአንድ ድንኳን ደግሞ ጥቂት ዶላር ከፍሎ ወተት እስኪጠግቡ መጠጣት ይቻላል።

እዚያ ገብተን የቱን እንይ? አንድ ቀን አይበቃም።

ሁሉን አያለሁ ያለ አንዱንም አያይ። በሥራ ቀን፣ በጠዋት ግቡና መጀመሪያ ወደ እንስሳት መውለጃው ሂዱ፤ ላም፣ በግና አሳማ እዚያው ሕዝብ ፊት ይወልዳሉ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከጎን ሆነው ያስረዳሉ። ረፋዱ ላይ ሰው ስለሚበዛ ልጆች አያዩም።

ከዚያ ወደ ቅቤው። የወተት ገበሬዎች ልጆች ከሆኑ ወጣት ሴቶች መካከል በየዓመቱ አንዷ የወተት ልዕልት ተብላ ትመረጣለች፤ ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሁሉ ግን መልካቸው እያንዳንዱ 90 ፓውንድ በሆነ የቅቤ ጡብ ላይ ይቀረጻል። የሚቀረጸው በመስታወት ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ፍሪጁም ቀስ እያለ ይዞራል። ውጭ ሰው በላብ ተጠምቆ ሲያይ፣ ልጅቷና ቀራጩ ውስጥ ካፖርት ለብሰው ለሰዓታት ይቀመጣሉ። ሊንዳ ክሪስተንሰን ይህን ሥራ ከ1972 እስከ 2021 ሠርተው አስረክበዋል። እናቶቻችን ሲያዩት መጀመሪያ የሚያሰሉት ስንት ኪሎ ንጥር እንደሚወጣው ነው። ቅቤው አይባክንም፤ ልጆቹ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ብዙዎቹም ለመንደራቸው የበቆሎ ግብዣ ያውሉታል።

እግር ሲዝል የግብርና አዳራሹ ውስጥ በዘር ብቻ የተሠሩ ሥዕሎችን እዩ። ሰናፍጭ፣ ተልባ፣ ማሽላ አንድ በአንድ ተለጥፎ የሰው ፊት ይሆናል። ጥላ ነው፣ ነጻ ነው፤ ወረፋው ግን አይቀርም።

ልጅ ቢጠፋብን?

ጠዋት ከመግባታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ሙሉ ፎቶ በዚያ ቀን ልብሱ አንሱ። ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ጻፉለት። የሚገናኙበት ቦታ ሲመረጥ ከሩቅ የሚታይ ነገር ይሁን። ከጠፋም ራሳችሁ ለሰዓት አትፈልጉ፤ ቶሎ ለፖሊስ ወይም ለሠራተኛ ንገሩ። እንግሊዝኛ የማይናገሩ አያቶች ቢጠፉም ነገሩ ያው ስለሆነ የእነሱም ኪስ ውስጥ ወረቀት ይግባ።

የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ቢጮህስ?

በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር አንድ ሰዓት) ላይ ከሆነ ሙከራ ነው፤ አትደናገጡ። በሌላ ጊዜ ከሆነ ግን ቀልድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ «ዋች» ካለ ሁኔታው ለአውሎ ነፋስ አመቺ ሆኗል ማለት ነው፤ «ዋርኒንግ» ካለ ወዲያው ግቡ። ድንኳን መጠለያ አይደለም፣ ዛፍ ሥርም አይደለም። የኮንክሪት ሕንፃ፣ ከተቻለም ምድር ቤት ፈልጉ። መብረቅ ሲያጉረመርም ከሐይቅ ውጡ።

ሐይቁ ያስፈራናል። ልጆቹን እናስገባ?

ስጋቱ ልክ ነው። ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር አድገናል፤ ሐይቅ ደግሞ በየሠፈሩ አለ። ጠባቂ ያለበትን ዳርቻ ምረጡ፤ ጠባቂ አለ ብላችሁም ስልክ ላይ አትጣዱ። ጀልባ ላይ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሕይወት አድን ጃኬት መልበሱ በሕግ ግዴታ ነው። በክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ ነው እንጂ አያድንም። ሰመር ሲገባ የዋና ትምህርት ቶሎ ስለሚሞላ በስፕሪንግ አስመዝግቡ።

ጫካ ከገባችሁ ደግሞ ማታ ልጆቹን አገላብጣችሁ መዥገር ፈልጉ፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላ፣ ጸጉር ሥር።

አባታችንና እናታችን ከኢትዮጵያ መጥተዋል። የት እንውሰዳቸው?

ስቴት ፌር ብዙ ጊዜ ያደክማቸዋል። ካውንቲ ፌር ይሻላል፤ አርሶ አደር የነበረ አባት የሆልስታይን ላም ጡት ካየ በኋላ ከበረቱ ለማውጣት ነው የሚያስቸግረው።

ዱሉዝም ደስ ይላቸዋል። ካናል ፓርክ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው ይቀመጡ፤ ከባድ መርከብ ሲመጣ ድልድዩ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ይነሳለታል፣ መርከቡም ድልድዩም በጥሩንባ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እዚያው ያለው የባሕር ሙዚየም የመርከቦቹን ሰዓት ይናገራል። ክፍያ የለውም።

ጊዜ ካላችሁ አይታስካ ስቴት ፓርክ ውሰዷቸው። በ1891 የተከለለ፣ የስቴቱ የመጀመሪያ ፓርክ ነው፤ ከሚኒያፖሊስ ወደ አራት ሰዓት ይነዳል። ሚሲሲፒ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ትልቁ ወንዝ እዚያ ጉልበት አይደርስም፣ ሰው ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ ይሻገረዋል። ግሽ ዓባይን የረገጠ ሽማግሌ የቦታውን ክብር ለማስረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልገውም። ጫማ የሚቀየር ያዙ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ከስቴት ፌር በኋላ የሚቀር ነገር አለ?

ጥቂት አለ። ሻኮፒ አካባቢ ከ1971 ጀምሮ ያለው፣ የድሮውን የአውሮፓ ዘመን የሚያስመስለው የሬነሳንስ ፌስቲቫል ከኦገስት አጋማሽ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ይከፈታል፤ ፈረሰኛ በጦር ሲጋጠም ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ አንዳንዱ ቀልድ ግን ለትንንሾቹ አይሆንም። የፖም ለቀማው ሴፕቴምበርን ሙሉ ነው። ሃኒክሪስፕ የተባለው ፖም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያዳቀለው ነው፤ በ1991 ነው ለገበያ የወጣው፤ ከዛፉ ሥር ሲበላ ከሱቁ ጋር አይገናኝም። እንቁጣጣሽ ከሌበር ዴይ በኋላ በቀናት ውስጥ ስለሚመጣ ብዙ ቤተሰብ ፖሙን ለበዓሉ እንግዳ አብሮ ያቀርባል። ለቀማው ላይ የሚያስከፍሉት በክብደት ነው፤ ልጆቹ አንድ አንድ ጊዜ ገምጠው የሚጥሉትን ከወዲሁ ተቆጣጠሩ።